ስልኮቹን የቆለፍኩበት ቅዳሜ

ያኔ ቤታችን ውስጥ አራት ሰው እንኖር ነበር፤ ከሥራ ስገባ ግን ቀና ብሎ የሚያየኝ አልነበረም። አባቴ ሶፋው ጫፍ ላይ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አውርዶ በስልኩ የፖለቲካ ትንተና ያዳምጣል። እናቴ የእድሩ ግሩፕ ውስጥ ናት፣ ወይ የማኅበሩ፣ ወይ የድሮ ጎረቤቶቿ። ታናሽ እህቴ፣ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበረች፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ በአጫጭር ቪዲዮ ትንከተከታለች። ቴሌቪዥኑ ማንም ሳያየው ለብቻው ይለፈልፋል። እኔም ያው ነበርኩ፤ አልዋሽም። ልዩነታችን፣ እኔን ያናድደኝ ነበር፣ እነሱን ግን አያናድዳቸውም።

እኔ ደግሞ ተናድጄ ዝም ማለት አልችልም። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝምና አንድ ልብስ መሸጫ ውስጥ እሠራ ነበር። ቆሞ መዋል ይሰለቸኛል፤ ተቀምጦ መዋልም ይሰለቸኛል። እናቴ ለሰው ስታስተዋውቀኝ፣ ታክሲ ውስጥ ልትወለድ ምንም አልቀራትም፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ አልቆመችም ትላለች።

ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ከገባን ዓመት ሊሞላን ነበር። ከዚያ በፊት ካዛንቺስ ነበርን፤ የቀበሌ ቤት፣ ሁለት ክፍል፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ግቢውም ቧንቧውም ሽንት ቤቱም የጋራ። ሰፈሩ ለመንገድ ሲነሳ ሰው በየአቅጣጫው ሄደ። አንዱ ቄራ ዘመዱ ጋ ተጠጋ፣ አንዱ ከከተማው ጫፍ ቤት ደረሰው። እኛ መሀል ከተማ ቀረን። ያገኘን ሁሉ ዕድለኞች ናችሁ ይለን ነበር።

እናቴ ካዛንቺስ እያለን ስልክ የምታነሳው ሲደወልላት ብቻ ነበር። ወሬ ካማራት በር ትከፍታለች፤ ከበሩ ውጭ ሰው አለ። ሰንጋ ተራ አራተኛ ፎቅ ላይ በር ስትከፍት የሚጠብቃት ሌላ የተዘጋ በር ነው። ስለዚህ ሰፈሩን ስልኳ ውስጥ ከታ ይዛው መጣች። አሁን የሚገባኝ እንደዚያ ነው። ያኔ ግን፣ በግልጽ ልናገር፣ ዝም ብላ የተጃጃለች ነበር የመሰለኝ።

እድራችንም እንደሷ ስልክ ውስጥ ገብቶ ነበር። ድሮ ሰው ሲሞት የእድሩ ጥሩምባ ነፊ በማለዳ በየቅያሱ እየዞረ ይናገር ነበር። የጥሩምባውን ድምፅ ስትሰማ እናቴ የያዘችውን ጥላ በር ላይ ትቆማለች። ሰፈሩ ከተበተነ በኋላ ጥሩምባ ነፊው የትኛውን ቅያስ ይዙር? ስለዚህ የእድሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ግሩፕ አስከፈቱ፤ ለቅሶውም ስብሰባውም በስልክ ይነገር ጀመር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አባቴ ነበር።

አንድ አርብ እናቴ ኩሽና ሆና፣ እኔ ሳሎን ተቀምጬ፣ ስልኬ ጮኸ። ሳየው የሷ መልእክት ነው። «እራት ደርሷል» ይላል። በመሀላችን ያለው አንድ መጋረጃ ነው። መጋረጃውን ገልጬ አየኋት፤ እሷም አየችኝ፤ ምንም ያጠፋች አልመሰላትም።

በቃ፣ ተነሳሁ። የአባቴን የድሮ የሥራ ቦርሳ አውርጄ አራቱንም ስልክ ሰብስቤ አጠፋኋቸው። የቴሌቪዥኑንም ሪሞት ጨመርኩ። ቁም ሳጥኑ ውስጥ አስገብቼ ቆለፍኩና ቁልፉን ደረቴ ውስጥ ከተትኩት። እስከ እሁድ ማታ ስልክ የለም፣ ቴሌቪዥን የለም፣ እንደ ሰው ፊት ለፊት እንተያያለን አልኩ። እህቴ አለቀሰች። አባቴ ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፤ «ሴትዮዋ ፍሬን በጥሳለች፣ መንገድ ልቀቁላት» ብሎ ሳቀ እንጂ አልተከራከረኝም። የተከራከረችኝ እናቴ ናት። የእድሩስ ነገር አለች።

«በሁለት ቀን ውስጥ ሰው አይሞትም» አልኳት።

«አንቺ ልጅ፣ አታሟርቺ» አለችኝ። ከዚያ እጇን ጠራርጋ እራት ልታቀርብ ገባች።

ቅዳሜ ጠዋት አስቂኝ ነበር። አባቴ በየደቂቃው ኪሱን ይዳብሳል። እህቴ ሰዓት ስንት ነው ትላለች፤ ማንም አያውቅም። ለካ ሰዓታችን ስልካችን ነበር። አባቴ መሳቢያ ፈትሾ ከመሥሪያ ቤቱ ሲሰናበት የሸለሙትን የእጅ ሰዓት አገኘው፤ ባትሪው ሞቷል፣ ግን ለማንኛውም አሰረው። የቀኑን አካሄድ ያወቅነው ከመስጊዱ አዛን ነው።

ቁርስ ከተበላ በኋላ ትንሽ ተፋጠጥን። ሰው ቤቱ ውስጥ ከገዛ ቤተሰቡ ጋር የሚያፍርበት ጊዜ እንዳለ ያን ቀን አወቅኩ። ከዚያ አባቴ ካርቶን ቀዶ ዳማ አሰመረ። ጠጠሩ የለስላሳ ቆርኪ ነው፤ የአንዱ ቀና ያለ፣ የሌላው የተገለበጠ። እህቴን አስተማራት፤ በአራተኛው ጨዋታ አሸነፈችው። በሊቀመንበሩ ጊዜ የሚኒስቴር መኪና ስነዳ ማንም አልቀደመኝም ብሎ አኮረፈ። እናቴ፣ አሁን ግን ያለኸው የሚኒስቴር መኪና ላይ ሳይሆን ጋሪ ላይ ነው አለችው። እኔ እንዲህ የምትቀልድ ሴት መሆኗን ረስቼው ነበር።

ከዚያ ሥራ ፈታችና አንድ ካርቶን ከአልጋ ስር ጎተተች። ከካዛንቺስ ስንወጣ የታሸገ፣ ከዚያ ወዲህ ያልተከፈተ ካርቶን ነው። ስትከፍተው አንሶላ ነው፤ አራት አንሶላ፣ ማዕዘኑ ከማዕዘኑ የገጠመ፣ እንደ መጽሐፍ የተደረበ። እናቴ እጇን አሳርፋበት ቆየች እንጂ አልገለጠችውም።

እንዲህ የሚያጥፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። በግድግዳ የምንጎራበታቸው፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ። ቤት ለቀን ስንወጣ እናቴ ማልቀስ እንጂ ማሸግ አልቻለችም፤ ዕቃችንን ያሸጉልን እሳቸው ናቸው። የራሳቸውን ሳያሽጉ። እሳቸው ከከተማው ጫፍ ነው የደረሳቸው፤ ሁለት ታክሲ ተይዞ፣ ከዚያ በእግር።

በዚህ ተነሳን፤ ወሬው ሁሉ እትዬ ሆነ። አባቴ የቴሌቪዥኑን ታሪክ አወራ። እኛ ቴሌቪዥን የገዛን ጊዜ እሳቸው ጋ አልነበረም። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ ድራማውን አልጋቸው ላይ ተኝተው ያዳምጡታል። ድምፁ ካነሰባቸው ግድግዳውን በዘነዘና ይመቱታል፤ አባቴም ይጨምርላቸዋል። በነጋታው ቧንቧው ጋ እናቴን ይዘው፣ ያቺ ስታለቅስ የነበረችው ምን ለብሳ ነበር፣ ባልየውስ መልኩ እንዴት ነው እያሉ ይጠይቃሉ። እናቴ ደግሞ የምታየውን አትነግራቸውም፤ ትጨምርበታለች። ባልየውን ቁመናው ያማረ አድርጋ ነግራቸው፣ በኋላ ቴሌቪዥን ገዝተው ቢያዩት አጭር ሆኖ አገኙት። ሁለት ቀን አኮረፏት።

እኔም ማንም የማያውቀውን አወጣሁ። ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ ከትምህርት ቤት ፎርፌ አንድ ኬክ ቤት ውስጥ እትዬ ያዙኝ። ለእናትሽ ልንገራት ወይስ ቅዳሜን ከኔ ጋር ትሠሪያለሽ አሉኝ። ቅዳሜን ሙሉ የሆቴሉን አሳላፊዎች ሽርጥ ስተኩስ ዋልኩ። አንዷን ሽርጥ አምስት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ወዲህ መፎረፍ አልቀረልኝም፣ ግን ሸሚዝ እንደኔ የሚተኩስ የለም። ይህንን እንደ ትልቅ ምስጢር ስናዘዝ እናቴ ተቀምጣ በሳቅ ትንፈራፈራለች። ለካ ያኑ ዕለት በግድግዳው ነግረዋታል። ሽርጡም የሷ ሐሳብ ነበር። አምስት ጊዜ አስደግሚልኝ ያለቻቸው እሷው ናት።

አባቴ ዓይኑን እየጠረገ ይስቃል፤ እህቴ ሆዷን ይዛለች፤ እኔ መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ከዚያ አልቻልኩም። እየሳቅን ሳለ የአሱር አዛን ተሰማ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል ማለት ነው አለ አባቴ።

ሳቁ ሲበርድ እናቴ ወደኔ ዞረች። «እስቲ ቁልፉን ስጪኝ፤ ልደውልላት። ስኳሩ ሰሞኑን ተነስቶባት ነበር፣ ድምጿን ልስማ።»

እምቢ አልኳት። ነገ ማታ ትደውያለሽ፣ አንድ ጊዜ ከተከፈተ አንቺ ስትደውዪ እነሱም ይገባሉ፣ በቃ ቀኑ ይበላሻል አልኩ። ደግማ ጠየቀችኝ። ደግሜ እምቢ አልኩ። እናት ናት፤ ልትቆጣኝ፣ ቁልፉን ከደረቴ ልታወጣው ትችል ነበር። ተወችኝ። ለምን እንደተወችኝ በኋላ ነግራኛለች፤ ከወጣን ወዲህ እንደዚያ የተሳቀበት ቀን ስላልነበረ ሊደፈርስባት አልፈለገችም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ምሳ ተበልቶ፣ እናቴ ካዛንቺስን እንየው አለች። ከወጣን ወዲህ በእግራችን ሄደንበት አናውቅም። አባቴ አልፈለገም፤ ምን ልታዪ ነው አላት፤ ግን ጫማውን አደረገ። አራታችን በእግር ሄድን። እህቴ መንገዱን ሙሉ ፎቶ ማንሳት አማረኝ እያለች ትነጫነጫለች።

መንገዱ ያምራል፤ ያምራል። ሰፊ ነው፣ የብስክሌት መሄጃ አለው፣ ሣር ተተክሎበታል፣ መብራቱ ተደርድሯል። እኛ የፈለግነው ግን ቤታችንን ነው። አባቴ ካልተነሳ አንድ ፎቅ ጥግ ጀምሮ በእርምጃ ለካ። እዚህ ጋ ሱቁ፣ እዚህ ጋ የግቢው በር እያለ ሄዶ ሣሩ ላይ ቆመ። እናቴ አልተስማማችም፤ አምስት እርምጃ ወደዚያ ነው አለች። ሁለቱ መንገደኛ እስኪዞር ድረስ ተከራከሩ። እሱ ምጣድ ቤቱ ነው የሚለውን ቦታ እሷ መኝታ ቤታችን ነው ትላለች። በመጨረሻ እሷ አሸነፈች፤ የእትዬ ግድግዳ እዚህ ነበር ብላ በጫማዋ መስመር አሰመረች።

እዚያው ቆመን አንድ የድሮ ሰፈራችን ሰው፣ ጥግ ላይ ሱቅ የነበረው፣ ከማዶ አይቶን ተሻገረ። ጥቁር ኮት ለብሷል። አባቴን ጨበጠው፣ እናቴን ሳማት፣ እኔንና እህቴን አደጋችሁ አለን። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሮ፣ «ትናንት ቀብር ላይ አጣናችሁ። ምነው፣ በደህና?» አለው።

«የማን ቀብር?» አለች እናቴ።

ሰውየው አባቴን አየው፤ አባቴም እሱን አየው። ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። የትኛውንም ስም መጥራት አላስፈለገውም። እናቴ መስመሩን ያሰመረችበት ሣር ላይ ቁጭ አለች።

እትዬ ያረፉት አርብ ሌሊት ነበር። ሰውየው ስልኩን አውጥቶ ግሩፑን አሳየን፤ ቅዳሜ ማለዳ የተነገረው እዚያ ላይ አለ። ቀብር ዘጠኝ ሰዓት። ከስሩ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ነፍስ ይማር ብሏል፤ አንድ በአንድ፣ ረጅም ነው። የኛ የለም። ለአባቴም ለእናቴም ብዙ ጊዜ ተደውሏል፤ ዝግ ነው ይላል። ቤታችንን መጥቶ የሚያንኳኳ ሰው ቢፈለግ፣ ሰንጋ ተራ የትኛው ብሎክ እንደሆንን የሚያውቁት እትዬ ብቻ ነበሩ።

ዘጠኝ ሰዓት። ሽርጡ አምስት ጊዜ ተደገመ ብለን የሳቅንበት ሰዓት።

ታክሲ ውስጥ እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች፤ ጥለቱ ወደ ፊቷ መጣ። እኔ አንገቴ ላይ ቀይ ሻርፕ ነበረኝ፤ ሳትናገር እጇን ዘርግታ አወለቀችልኝና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።  ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አባቴ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጦ መንገዱን ያያል። ሁለተኛውን ታክሲ ይዘን፣ ከዚያም በእግር ሄደን፣ ብሎኮቹ መሀል የተተከለውን ድንኳን አገኘነው።

እናቴ እያለቀሰች ገባች። የእትዬ ልጅ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ሠላሳ ዓመት ገደማ ናት፤ ልጅ እያለሁ ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ ነበረች። እናቴ ተንበርክካ አቀፈቻት። ልጅቷ አላቀፈቻትም፤ እጆቿ ጭኗ ላይ እንዳሉ ቀሩ። ከዚያ በአገጯ አግዳሚውን አሳየቻት።

ይሄ ለሌላ ሰው ምንም ላይመስለው ይችላል። ለቅሶ ቤት የሚመጣ ሰው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ንፍሮ ቀምሶ፣ እግዜር ያጽናችሁ ብሎ ይሄዳል። ቤተኛ ግን አይቀመጥም፤ ጓዳ ገብቶ ይሠራል። የእትዬ ባል የሞቱ ጊዜ እናቴ ጓዳ ገብታ የወጣችው በሰባተኛው ቀን ነው። ከሃያ ዓመት በላይ እነሱ ቤት በደስታም በኀዘንም ተቀምጣ የበላችበትን ቀን አላውቅም። ያን ቀን ተቀመጠች። አንዲት የማናውቃት ልጅ ንፍሮ በሳህን፣ ውኃ በብርጭቆ አመጣችላት፤ እንደማንኛውም እንግዳ። ሳህኑን ጭኗ ላይ ይዛ አንድ ፍሬ ሳታነሳ ቆየች።

ከጎኗ ያሉት የድሮ ጎረቤቶቻችን ምነው ስልክሽ ይሏታል። እሷ አንገቷን ትነቀንቃለች። ከወንዶቹ በኩል የአባቴ ድምፅ ይሰማኛል፤ «ኔትወርክ ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ እኛ ጋ ኔትወርክ የለም» ይላል። ሰዎቹም ያምኑታል፤ አዎ ይሄ ኔትወርክ አስቸገረን ይላሉ። አባቴን ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እሱ የሚዋሸው ለኔ ብሎ መሆኑ ደግሞ ገባኝ። እሱ እውነቱን ቢናገር፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።

መቀመጥ አልቻልኩም። ተነስቼ ፍራሹ ጋ ሄድኩና ልጅቷ ፊት ቁጭ አልኩ።

«ኔትወርክ አይደለም» አልኳት። «ስልኩን ሁሉ የቆለፍኩት እኔ ነኝ። እማዬ ትናንት እትዬ ጋ ልትደውል ቁልፉን ለመነችኝ። እምቢ አልኩ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ አብጧል። «ለምን?» አለችኝ።

«እርስ በርስ እንድናወራ ብዬ።»

«አወራችሁ?»

«አዎ።»

«ስለምን?»

 «ስለ እትዬ» አልኩ። «ቅዳሜን ሙሉ ስለ እትዬ ነው ያወራነው። ስንስቅ ነበር።»

የመጨረሻዋን ለምን እንደጨመርኳት አላውቅም። ማለቴ፣ እውነት ስለሆነች ነው። በጥፊ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አላወቅኩም፣ ዛሬም አላውቅም።  ከዚያ ነጠላውን ገለጠችና በኔ አናት አሻግራ ወደ አግዳሚው ተመለከተች።

«እርስዎ እዚያ ምን ያደርጋሉ?» አለቻት እናቴን። ድምፅዋ ቁጣ ነበረው። «ጓዳ ሰው የለም። ነገ ሠልስት ነው፤ ማን ሊሠራልኝ ነው?»

እናቴ ሳህኑን ለሴቶቹ አቀበለች። ተነሳች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ ማንንም ሳታይ ከድንኳኑ ጀርባ ወዳለው ማብሰያ ገባች። ወዲያው ድስት ሲንቀሳቀስ፣ እሷም ማን ይህን ሁሉ ጨው ጨምሮ ጣደው እያለች ስትቆጣ ተሰማ። አባቴ ከወንዶቹ መሀል ሆኖ አንገቱን ደፋ።

እኛ ሦስታችን ወደ ቤት ተመለስን፤ እሷ ቀረች። ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ቦርሳውን አወጣሁ። አባቴ ስልኩን ተቀብሎ ሳይከፍተው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። እህቴ የሷን ከፈተችና ያመለጧትን ጥሪዎች አይታ ዘጋችው። የእናቴን ስልክ እኔ ስከፍተው፣ ዝግ እያለ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ እንደተደወለ የሚናገር መልእክት ገባ። ከአሥራ ዘጠኙ ሦስቱ የእትዬ ነበሩ፤ አርብ ምሽት፣ ከቆለፍኩት በኋላ ነው የደወሉት። ስንት ቀን ለእናቴ ሳልነግራት እንደቆየሁ አልናገርም። በኋላ ራሷ አየችው።

በማግስቱ፣ የሠልስቱ ዕለት፣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ቅያሪ ልብስና ስልኳን ይዤላት ሄድኩ። ማብሰያው ውስጥ ጭስ ብቻ ነው፤ ስድስት ሴቶች አሉ፣ እሷ መሀል ላይ ዱካ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትከትፋለች። ልብሱን ተቀበለችኝ። ስልኩን አየችውና ጥግ ላይ አስቀምጪው አለችኝ። ቆሜ ቀረሁ፤ ልሂድ ወይስ ልቆይ አላወቅኩም። ከታክሲው ወዲህ እኔን አልተናገረችኝም ነበር።

ቢላዋ ሰጠችኝ። ቁጭ ብዬ መከተፍ ጀመርኩ። ሦስት አራት ሽንኩርት ጨረስኩ። ከዚያ የከተፍኩትን በጣቷ ገፋ ገፋ አድርጋ አየችው።

«ወፍራም ነው» አለች። «ድገሚው።»